ካትኒስ ስትስት፦ ሁለት ፊልሞችና የሩቅ ዒላማ ሒሳብ

«ዘ ሃንገር ጌምስ» ውስጥ ያያት ሁሉ የማይረሳት አንዲት ትዕይንት አለች። ካትኒስ ኤቨርዲን ከውድድሩ በፊት ችሎታዋን ለዳኞቹ ልታሳይ ብቻዋን ወደ አዳራሹ ትገባለች። ቀስት ታነሳለች፣ ትስባለች፣ ትለቃለች። ትስታለች። ከላይ ተቀምጠው የሚበሉት ዳኞች ይስቃሉ። ሁለተኛውን ዒላማው ደረት ላይ ትተክለዋለች፤ እነሱ ግን ፊታቸውን ወደ ግብዣው አዙረው የሚያያት የለም። ንዴቷ ይመጣል። ቀጣዩን ወደ ዳኞቹ ትለቀውና የተጠበሰው አሳማ አፍ ውስጥ የተወተፈውን ፖም ጠልፎ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፖሙ ነው። እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ መጀመሪያዋ፣ ስለሳተችው ፍላጻ ነው። ፊዚክስ ለሚያስተምር ሰው በፊልሙ ውስጥ ካሉት የቀስት ትዕይንቶች ሁሉ እውነተኛዋ እሷ ናት። ችግሩ ፊልሙ ራሱ በዚያች ቅጽበት ያወቀውን ነገር ወዲያው ይረሳዋል። ቅሬታዬ እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ በቃላት እንስማማ። በስልካችንና በመንገድ ምልክት ላይ ያለችውን ሹል ምልክት «ቀስት» ስለምንላት ነገሩ ይምታታል። እዚህ ቀስት ስል የሚታጠፈውን ደጋን፣ አውታር ስል ሁለቱን ጫፎች የሚያያይዘውን ገመድ፣ ፍላጻ ስል ደግሞ የሚበረውን ማለቴ ነው። ጥጥ ሲነደፍ ወይም ማሲንቆ ሲመታ ያየ ሰው ደጋን ምን እንደሆነ ያውቃል።

የማነሳቸው ፊልሞች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም በ2012 እ.ኤ.አ. ወጡ። አንደኛው ከሱዛን ኮሊንስ የ2008 ልብ ወለድ የተሠራው «ዘ ሃንገር ጌምስ»፣ ሌላው የፒክሳር ካርቱን «ብሬቭ»። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ቀስት ሊማሩ የሚመዘገቡ ልጆች፣ በተለይ ሴት ልጆች፣ በጣም እንደጨመሩ በሰፊው ተዘግቧል። እኛ መምህራን በስንት ንግግር ያልሆነልንን ሁለት ፊልሞች አደረጉት፤ ልጆችን ከሶፋ ላይ አስነሱ። ስለዚህ የምተቸው እየወደድኳቸው ነው።

ከሚመሰገነው ልጀምር። ካትኒስን የሠራችውን ጄኒፈር ሎውረንስን ቀስት ካሠለጠኗት አንዷ ካቱና ሎሪግ ነበረች። ሎሪግ ጆርጂያ ተወልዳ በ1992ቱ የባርሴሎና ኦሎምፒክ በቡድን የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘች፣ በኋላ ለአሜሪካ የተወዳደረች ባለሙያ ናት። ሥልጠናው በፊልሙ ላይ ይታያል። አውታሩ እስከ ፊት ድረስ ይሳባል፣ ትከሻ አይነሳም፣ ክንድ አይንቀጠቀጥም። በብዙ ፊልሞች ተዋናዩ ከደረቱ ላይ ግማሽ ስቦ ይለቅና ፈረሰኛ ይወድቃል። እዚህ እንዲያ ዓይነት ቀልድ የለም።

«ብሬቭ» ደግሞ ከዚህም የደፈረ ነገር ያደርጋል። ቀይ ፀጉሯ ሜሪዳ በውድድሩ ላይ የመጨረሻውን ፍላጻ ስትለቅ ጊዜው ይዘገያል። ፍላጻው ከቀስቱ ሲወጣ ጠጋ ብለን እናያለን፤ ቀጥ ብሎ አይወጣም። እንደ ዓሣ ይጥመለመላል። ብዙ ተመልካች ይህን የካርቱን ማጋነን ያደርገዋል። ፒክሳር ግን አልዋሸም። አውታሩ የፍላጻውን ጭራ በድንገት ሲገፋው ጫፉ ገና ሙሉ በሙሉ አልተንቀሳቀሰም፤ ስለዚህ መሐሉ ይታጠፋል። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ይመለሳል፣ እንደገና ይታጠፋል። እየተወዛወዘ ሄዶ ላባዎቹ ቀስ በቀስ ያረጋጉታል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላረንስ ሂክማን በ1930ዎቹ በፈጣን ካሜራ ይህንን ቀርጾ አሳይቷል። ከዚያ በፊት ቀስተኞችን ያስገርም የነበረው ጥያቄ እንዲህ ነበር፦ ፍላጻው የሚቀመጠው ከቀስቱ እንጨት ጎን ነው፤ አውታሩ የሚገፋው ግን ወደ እንጨቱ መሐል ነው። ታዲያ እንዴት ወደ ጎን ሳይሄድ ያነጣጠሩበት ይደርሳል? መልሱ እየታጠፈ እንጨቱን ዞሮት ያልፋል የሚል ነው።

አሁን ወደ ካትኒስ እንመለስ። ፍላጻው እንጨቱን በትክክል ዞሮ እንዲያልፍ የመታጠፉ መጠን ከቀስቱ ጉልበት ጋር መመጣጠን አለበት። በጣም ደንዳና ከሆነ ወደ አንድ ጎን ያመልጣል፤ በጣም ልል ከሆነ ወደ ሌላው። ካትኒስ ያደገችው በጫካ ውስጥ በእጅ በተሠራ የእንጨት ቀስት ነው። በአዳራሹ የሰጧት አዲስ ብረታ ብረት የመሰለ መሣሪያ ነው። ጉልበቱ ሌላ፣ የፍላጻው ክብደት ሌላ፣ ድንዳኔው ሌላ። ዓይኗ ያው ነው፣ ክንዷ ያው ነው፣ ልቧ ያው ነው። ሳተች። መሳት ነበረባት! ልክ መምታት የአንድ ሰው ተሰጥኦ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሰው፣ የቀስት፣ የፍላጻና የርቀት መስማማት እንደሆነ በአራት ሰከንድ የተነገረበት ትምህርት ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ግን ደረት መሐል። ከዚያ ፖም። በኋላም በውድድሩ ሜዳ ላይ ከሞተች ልጅ እጅ ሌላ ቀስት ታገኛለች፤ ሦስተኛ መሣሪያ መሆኑ ነው። ያኔ የመለማመጃ ጥያቄ ጨርሶ አይነሳም። ኦሎምፒክ ላይ የሚወዳደር ሰው አውታር ሲቀይር እንኳ ማነጣጠሪያውን እንደገና ለማስተካከል ብዙ ፍላጻ ይለቃል።

ይህንን ይቅር ልለው እችላለሁ፤ ፊልም ነው፣ ሰዓት የለውም። ይቅር ለማለት የሚከብደኝ ሌላ ነው። ሁለቱም ፊልሞች፣ እንዲያውም የማውቃቸው የቀስት ፊልሞች በሙሉ ማለት ይቻላል፣ አንድን ነገር ቆርጠው ይጥላሉ፦ ርቀትን።

ካሜራው ምን እንደሚያደርግ ልብ ብላችሁ እዩ። መጀመሪያ የቀስተኛዋ ዓይን ይታያል። ከዚያ ጣቷ ይለቃል። ቁርጥ። ፍላጻው ዒላማው ላይ ተተክሏል። በሁለቱ መሐል ያለው ባዶ ቦታ የለም። ተመልካቹ ሳያውቀው የሚማረው ትምህርት «ዓይን ያየው ይመታል» የሚል ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን ቀስተኛ የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም በዚያ በተቆረጠው ቦታ ነው።

እስቲ የተቆረጠውን እንቀጥለው። ዊል የሌለው ጠንከር ያለ የአደን ቀስት ፍላጻን በሰከንድ 50 ሜትር አካባቢ ይለቃል እንበል። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ለመኪና ያስፈራል፣ ለፍላጻ ግን ብዙ አይደለም። የአየሩን መጎተት ለጊዜው እንተወው። 20 ሜትር ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ይፈጃል፤ 40 ሜትር 0.8፤ 60 ሜትር 1.2 ሰከንድ። ፍላጻው ከአውታሩ ከተለየባት ቅጽበት ጀምሮ ደግሞ እንደማንኛውም የተለቀቀ ድንጋይ ይወድቃል። በ0.4 ሰከንድ 78 ሳንቲ ሜትር፣ በ0.8 ሰከንድ 3 ሜትር ከ14፣ በ1.2 ሰከንድ 7 ሜትር ገደማ። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ውድቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ቀስተኛ ወደ ዒላማው አያነጣጥርም፤ ሁልጊዜ ከበላዩ ነው። ምን ያህል ከበላዩ? እሱን የሚወስነው ርቀቱን ማወቅ ነው።

ማሽላ ሊጠብቅ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ያዞረ ልጅ ይህንን ያለ እርሳስ ያውቀዋል። እንዲያ ያደገ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ የእኔን ቀመር ሲያይ «ይሄን ለማወቅ ነው ዲግሪ የጨረስከው?» ብሎ ስቆብኛል። ልክ ነው። ግን የእሱ እጅ የሚያውቀው የለመደውን የአንዱን ማሳ ርቀት ነው፤ ሌላ ማሳ ውሰዱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ርቀቱን በዓይናችን ስንገምት በአሥር በመቶ ብንሳሳትስ? ላልሠለጠነ ዓይን አሥር በመቶ እንዲያውም ጥሩ ግምት ነው። 20 ሜትር ላይ በ2 ሜትር ተሳሳትን። ፍላጻው እዚያ ሲደርስ አንድ ሜትር ወደፊት በሄደ ቁጥር ወደ 4 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ነው፤ ስለዚህ ስህተታችን 8 ሳንቲ ሜትር ነው። 40 ሜትር ላይ በ4 ሜትር እንሳሳታለን፤ ፍላጻው አሁን ቁልቁል ስለዞረ በሜትር 8 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ አራት ጊዜ ስምንት፣ 32። 60 ሜትር ላይ በ6 ሜትር እንሳሳታለን፤ በሜትር 12 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ 72 ሳንቲ ሜትር። ልብ በሉ፤ ክንዱ አልተንቀጠቀጠም፣ ዓይኑ አልደከመም፣ አለቃቀቁ እንከን የለውም። ርቀቱን ብቻ በጥቂቱ ተሳሳተ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያሉበት ቦታ ከጎን ሲታይ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። መሐሉን ካነጣጠርን 8 ሳንቲ ሜትር ስህተት እዚያው ውስጥ ይወድቃል። 32 ግን ወይ ሙሉ በሙሉ መሳት ነው፣ ወይ ሆድ ወይም እግር ማቁሰል።

ኦሎምፒክን የምታዩ ልጆች «70 ሜትር ላይ እኮ እየመቱ ነው!» ልትሉ ትችላላችሁ። አዎ፤ የመሐሏ ክብ 12.2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት፣ እሷንም ደጋግመው ይመታሉ። ግን 70 ሜትሩ በሜትር ተለክቶ ተነግሯቸዋል፤ ነገም ያው 70 ነው። ያንኑ ጀግና ጫካ ውስጥ አስገቡና «ያ ጉቶ ስንት ሜትር ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እንዲያውም ርቀቱ ሳይነገር በጫካና በዳገት ላይ የሚደረግ ዓለም አቀፍ ውድድር አለ፤ ነጥቡ የሚለያየው በአብዛኛው በግምት ነው።

እኔ ራሴ ይህንን የተማርኩት በውርደት ነው። ለትምህርት ውጭ አገር ሳለሁ አንድ የቀስት ክበብ ውስጥ አንድ ክረምት ተለማመድኩ። በቤት ውስጥ 18 ሜትር ላይ ደህና ሆንኩ፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ። በጋ ሲመጣ ወደ ሜዳ ወጣን። ሽማግሌው አሠልጣኝ ባዶ መስክ ላይ የተተከለች ዒላማ አሳዩኝና «ስንት ሜትር ትመስልሃለች?» አሉኝ። «ሠላሳ» አልኩ። ፍላጻዬ ከዒላማዋ ፊት ለፊት ሣር ውስጥ ተተከለ። በእርምጃ ስንለካት ወደ አርባ ነበረች። ባዶ መስክ ላይ በመሐል ዛፍ ወይም ቤት ስለሌለ ዓይን ርቀትን ያሳጥራል። ከዚያ ቀን በኋላ ለአንድ ወር ያህል የሰጡኝ ሥራ መተኮስ ሳይሆን መገመት ነበር፦ ዛፍ አይ፣ ቁጥር በል፣ ሄደህ በእርምጃ ለካ። አሰልቺ ነበር። ፊልም ሠሪ ቢያየው ያለምንም ጥርጥር ቆርጦ ይጥለው ነበር።

ሁለተኛው የተቆረጠ ነገር ተመሳሳይነት ነው። ሎሪግ ለሎውረንስ አውታሩን ፊቷ ላይ አንድ ቦታ እንድታደርስ ያስተማረችው ለውበት አይደለም። ቀስት እንደ ስፕሪንግ ነው፤ በሳብነው ቁጥር ጉልበት ያጠራቅማል። አውታሩ ከእረፍቱ እስከ ፊታችን ድረስ 50 ሳንቲ ሜትር ይሳባል ብንል፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ቀርቶን ብንለቅ የሳብነው በ2 በመቶ አነሰ፤ የተጠራቀመው ጉልበት በ4 በመቶ፣ የፍላጻው ፍጥነት ደግሞ በ2 በመቶ ገደማ ያንሳል። አንድ ሳንቲ ሜትር፣ የጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። 20 ሜትር ላይ ይህ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያደርገናል፤ ማንም አያስተውለውም። 40 ሜትር ላይ ወደ 13 ሳንቲ ሜትር፣ 60 ላይ ወደ 29። ቅርብ ሆኖ የተደበቀው ስህተት ሩቅ ሲሆን ይጋለጣል ማለት ነው። ለዚህም ነው ጥሩ አዳኞች 60 ሜትር ላይ የሚለማመዱት፤ እዚያ ሆነው ሊያድኑ ግን አይደለም። ሩቁ ዒላማ እንደ ማጉያ መነጽር ስህተታቸውን አጉልቶ ያሳያቸዋል፤ አስተካክለው ሲመለሱ 20 ሜትሩ ቀላል ይሆንላቸዋል።

አንዳንድ አንባቢ «ዛሬ ዊል ያለው ኮምፓውንድ ቀስት አለ፣ ርቀት የሚለካ ሌዘር አለ» ይለኛል። ትክክል ነው፤ ነገሩንም በጣም ይለውጠዋል። ፍላጻው በሰከንድ 85 ሜትር ከሄደ 40 ሜትር ላይ ያው የ4 ሜትር የግምት ስህተት 32 ሳይሆን 11 ሳንቲ ሜትር ብቻ ያዛባዋል። ሌዘሩ ደግሞ ግምቱን ራሱን ያስቀረዋል። ግን የሚቀጥለውን ችግር ሁለቱም አይፈቱትም።

የ«ሃንገር ጌምስ» መጀመሪያ አካባቢ ካትኒስ አጥሩን ሾልካ ጫካ ትገባና ከግንድ ውስጥ የደበቀችውን ቀስት ታወጣለች። አጋዘን ታያለች። ኮቴዋን አጥፍታ ትከተለዋለች፣ ቀስቷን ታነሳለች፤ ልክ በዚያች ሰዓት ጓደኛዋ ጌል ከኋላ ይናገራል። አጋዘኑ ይፈተለካል። እዚህ ጋ ፊልሙን ላቆመውና ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ የጌልን ድምፅ የሰማ አጋዘን የአውታሩን ድምፅ አይሰማም?

ይሰማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። 40 ሜትር ላይ የአውታሩ «ጥም» የሚለው ድምፅ ከ0.12 ሰከንድ በኋላ አጋዘኑ ጆሮ ይደርሳል፤ ፍላጻው ግን 0.8 ሰከንድ ይፈልጋል። አጋዘኑ ለመንቃት 0.2 ሰከንድ ይውሰድበት ብንል እንኳ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይተርፈዋል። የደነገጠ አጋዘን ለመዝለል መጀመሪያ እግሩን አጥፎ ዝቅ ይላል። በ0.3 ሰከንድ ብቻ በስበት የሚወድቅ አካል 44 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ፍላጻው የተነጣጠረበት ቦታ ሲደርስ ልቡ እዚያ የለም። ሊያገኝ የሚችለው ጀርባውን፣ ወይም ባዶ አየር ነው። 20 ሜትር ላይ ግን አጋዘኑ የሚተርፈው 0.14 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ነው። ፈጣኑ ኮምፓውንድ ቀስት እንኳ ከድምፅ አራት እጥፍ ያህል የዘገየ ነው።

ይህ ማለት ምንድነው? 40 ሜትር ላይ ሁሉንም ነገር ልክ ብታደርጉ፣ ርቀቱን ብታውቁ፣ አለቃቀቃችሁ እንከን የለሽ ቢሆን፣ ነፋስ ባይኖር፣ አሁንም እንስሳውን ልታቆስሉት ትችላላችሁ። «የሩቅ ዒላማን እንዴት ላሻሽል?» የሚለው ጥያቄ ለወረቀት ዒላማ ጥሩ ጥያቄ ነው። በሕይወት ላለ እንስሳ ግን የሆነ ቦታ ላይ የተሳሳተ ጥያቄ ይሆናል። የቆሰለ አጋዘን ደግሞ ካሜራው ፊት አይሞትም። ይሮጣል፤ ሰዓታት፣ ምናልባት ቀናት ይሰቃያል። ሁለቱም ፊልሞች ይህንን ፈጽሞ አያሳዩም፤ ካትኒስን የመሰለች ከአደን የምትኖር ልጅ ታሪክ ውስጥ ደግሞ መታየት ነበረበት። ቆስሎ ያመለጠ አጋዘን ለእሷ ቤተሰብ የጠፋ ራት ነው።

ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ በመዝገብ ያለ እውነተኛ ሰው አለ። በ1911 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሮቪል ከተማ ዳር አንድ የተራበ ሰው ብቻውን ብቅ አለ። ያሂ የሚባለው ሕዝብ በሰፋሪዎች ከተጨፈጨፈ በኋላ የቀረው የመጨረሻው እሱ ነበር። ስሙን አልተናገረም፤ «ኢሺ» አሉት፣ በቋንቋው «ሰው» ማለት ነው። እስከ 1916 ድረስ በሳን ፍራንሲስኮ ሙዚየም ውስጥ ኖረ። የሚያክመው ሐኪም ሳክስተን ፖፕ ቀስት አሠራርና አደን ከእሱ ተማረ፤ የተማረውንም በ1923 ባወጣው መጽሐፍ ጻፈው። ፖፕ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ለፊልም ሠሪዎች የሚዋጥ አይደለም፦ ኢሺ ሩቅ በተተከለ ክብ ዒላማ ላይ ከዘመኑ ነጭ ስፖርተኞች ያነሰ ውጤት ነበረው። ቅርብ ላይ፣ ትናንሽ እንስሳት ላይ ግን የሚስተካከለው አልነበረም። ቀስቱም ትንሽ ነበር።

ኢሺ ርቀትን ያሸነፈው በእግሩ ነው። ነፋሱን ያይ ነበር፣ ሽታው እንዳይቀድመው ይጠነቀቅ ነበር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ እጁን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እንደተጨነቀ ጥንቸል ይጮህ ነበር፤ እንስሳቱ ራሳቸው ወደ እሱ ይመጡ ነበር። የሩቁን ዒላማ ቅርብ ያደርገዋል። ይህ ሰው ኦሎምፒክ ላይ ቢቀርብ ይሸነፋል፤ ምግብ ማምጣት ላይ ግን ኦሎምፒኩ ይራባል። በ«ሃንገር ጌምስ» የመጀመሪያው የጫካ ትዕይንት ውስጥ የዚህ ጥላ አለ፤ ካትኒስ ኮቴዋን አጥፍታ የምትራመድበት ያ ጥቂት ሰከንድ። ፊልሙ እዚያ ትንሽ ቢቆይ ምን ነበረበት? ለእኔ ከፖሙ ይልቅ የሚያጓጓው እሱ ነው።

ፍትሐዊ ልሁንና አንድ የሩቅ ምት ግን በጣም ወድጄዋለሁ። ካትኒስ የተቀናቃኞቿን የምግብ ክምችት ልታጠፋ ትፈልጋለች፤ ዙሪያው ፈንጂ ተቀብሯል። ፖም የተሞላ ጆንያ ከላይ ተሰቅሏል። ጆንያውን ቀድዳ ፖሞቹ ፈንጂው ላይ እንዲዘረገፉ ታደርጋለች። በመጽሐፉ ላይ ይህ ሦስት ፍላጻ ይወስድባታል፦ አንደኛው ጆንያውን በትንሹ ይቀደዋል፣ ሁለተኛው ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ሦስተኛው የተንጠለጠለውን ቁራጭ ገንጥሎት ይሄዳል። ኮሊንስ እዚህ ጋ የምታውቀውን ታውቃለች። ጆንያ ጆሮ የለውም፤ አይደነግጥም፣ ዝቅ አይልም። ካትኒስም ፍላጻዋ የት እንደወደቀ አይታ ቀጣዩን ታስተካክላለች። የመጀመሪያው ምት የግምት ነው፤ ሁለተኛው የልኬት ነው። ሩቅ መተኮስ የሚፈቀድበት ቦታ ካለ እዚህ ነው፦ ዒላማው በድን፣ ስህተቱ የሚታረም፣ የሚሰቃይ የሌለበት።

የሜሪዳ መጨረሻ ግን አላሳመነኝም። የፍላጻዋን መጥመልመል ያን ያህል በጥንቃቄ የሣሉት ሰዎች ያችኑ ፍላጻ ቀድሞ የተተከለ ሌላ ፍላጻ ጭራ ላይ አሳርፈው ለሁለት ይሰነጥቁባታል። የእንጨት ፍላጻ የሚሰነጠቀው በእንጨቱ ጭረት መስመር ነው፤ ጭረቱ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ስንጥቁ ከዳር ወጥቶ ያልቃል። ያም ሆኖ ልጅቷ የፈለገችው በገዛ ሕይወቷ ላይ መወሰን ነበርና ትሰንጥቀው፤ ከፊዚክሱ ይልቅ ለእሷ አዳላሁ።

ፊልሞቹን ደግማችሁ ካያችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ፖሟ ትዕይንት ላይ ስልካችሁን አውጡና ከአውታሩ ድምፅ እስከ ግድግዳው ድምፅ ያለውን ጊዜ ለኩ። ያገኛችሁትን ሰከንድ በ50 አባዙት፤ ፍላጻው የሄደው ርቀት በሜትር ይወጣል። ከዚያ አዳራሹን እዩት፤ ያን ያህል ይሰፋል? ካልሰፋ የጎደለውን ማን እንደቆረጠው ታውቃላችሁ።